ከአላሞ ደጅ እስከ ዘረመል ቤተ ሙከራ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በነበረው በካፋ መንግሥት የሰው ዕጣ በአመዛኙ በትውልዱ ይወሰን ነበር። ንጉሡ፣ ማለትም ታቶው፣ ከሚንጆ ጎሳ ይወጣል፤ እሱን የሚያማክረውና ሥልጣኑን የሚገራው ሰባት አባላት ያሉት ሚክሬቾ ከታወቁ ጎሳዎች ይሰባሰባል። አንጥረኛ የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪውም እንዲሁ። ማንጆ የሚባሉት የጫካ አዳኞች ከሁሉም በታች ተቆጥረው ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ አይቀርቡም፣ አይጋቡም ነበር። ሰው ከገዛ ጎሳው እንዳያገባም ደንቡ ይከለክላል። መንፈስ እንኳ የሚወረሰው በዚሁ በአባት ሐረግ ነው። ስለዚህ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል ወይ የሚለው ጥያቄ ወደ ካፋ ዋና ከተማ ወደ ቦንጋና አካባቢዋ የደረሰው ውርስ ሁሉን ነገር ያስረዳል ተብሎ በሚታመንበት ምድር ላይ ነው።

ካፋዎች ከሰማዩ አምላክ ከዬሮ በታች ኤቆ የሚባሉ መናፍስት እንዳሉ ያምኑ ነበር፤ እምነቱ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ኤቆ የሚያድርበት ሰው አላሞ ይባላል። በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በካፋ ጥናት ያካሄደው የባህል ተመራማሪ አምኖን ኦረንት በ1969 ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የሚመረምረው በጎሳ መዋቅርና በዚህ እምነት መካከል ያለውን ትስስር ነው። አላሞው ሲሞት ኤቆው ከዚያው ከሐረጉ አንዱን፣ ልጁን ወይም ወንድሙን፣ መርጦ ያድርበታል። የታመመ፣ ከብት ያለቀበት፣ ልጅ የተከለከለ ሁሉ ወደ አላሞው ደጅ ይሄዳል። ኤቆው ሌሊት ወርዶ በአላሞው አፍ ይናገራል፤ ለመከራው የሚሰጠው ምክንያትም ብዙውን ጊዜ ያልደረሰ ስለት ወይም የተጣሰ ደንብ ነው። በሌላ አነጋገር ሕመም የአንድ ሰው ብቻ ጉዳይ አልነበረም፤ ሐረጉ በሙሉ የሚጠየቅበት ዕዳ ነበር።

አላሞውን ራሱን እንደ ሕመምተኛ የሚቆጥር አስተያየት ከውጭ ጸሐፊዎች ዘንድ ጠፍቶ አያውቅም፤ ካፋንም ሳይካትሪንም በቅጡ ያላወቀ አስተያየት ነው። የአላሞው ሁኔታ ሰዓትና ቦታ አለው፤ ሲያበቃ ሰውየው ወደ እርሻውና ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፤ የሚናገረውንም ጉባኤው ይረዳዋል። ስኪዞፍሬኒያ የያዘው ሰው ግን የሚሰማውን ድምፅ የሚጋራው የለም፤ ሐሳቡ ይበታተናል፣ ከሥራና ከሰው ይርቃል፣ ይህም ለወራትና ለዓመታት ይዘልቃል። ባይፖላር የሚባለው ሕመም ደግሞ በዙር ይመጣል፦ አንድ ሰሞን እንቅልፍ የሚያሳጣ፣ ንግግር የሚያፈጥንና ገንዘብ የሚያስበትን ከፍተኛ ግለት፣ ሌላ ሰሞን ከአልጋ የማያስነሣ ድብርት፣ በመካከሉ ደህና ጊዜ።

እ.ኤ.አ. በ1897 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የጦር አዛዥ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የመጨረሻውን ታቶ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ፤ መንግሥቱም አከተመ። ጦርነቱና ተከትሎት የመጣው የባሪያ ፍንገላ ሕዝቡን በእጅጉ አመናመነው። ኦስትሪያዊው ተጓዥ ፍሪድሪክ ቢበር ወደ ካፋ የዘለቀው ከዚህ በኋላ ነው፤ በ1920 እና በ1923 ስለ ካፋ ያሳተማቸው ሁለት ቅጾች በአብዛኛው የሚዘግቡት ሊጠፋ የተቃረበን ሥርዓት ነው። አብያተ ክርስቲያናት ሲበዙ ለአእምሮ ሕመም ጠበልና ጸሎት ከአላሞው ጎን ቆሙ። ቤተሰብም አንዱን ሞክሮ ወደ ሌላው ይሄድ ጀመር፤ በሁለቱ መካከል ቅራኔ ያዩ የነበሩት ከቤተሰቦቹ ይልቅ ካህናቱ ናቸው። ታማሚው ሁሉም ያልረዳውና ሰው የሚመታ ወይም ቤት የሚያቃጥል ከሆነ ግን፣ በገመድ ወይም በሰንሰለት መታሰር በኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ የታወቀ የመጨረሻ መፍትሔ ነበር።

ዘመናዊው ሕክምና ለካፋ ሰው ለረጅም ጊዜ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የቆየ ነገር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመውና በአቅራቢያው ባለው ቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠራው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ከቦንጋ በጅማ በኩል በሽተኛ ይዞ እዚያ መድረስ የቀናት ጉዞና የቤተሰብ ጥሪት ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ያስተምር የነበረው ሆላንዳዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረባው ከቫን ላይክ ጋር ሆኖ ወደ ትናንሽ ከተሞችና በደቡብ ምዕራብ ወዳለች አንዲት የገጠር መንደር ወርዶ የአእምሮ ሕመም ምን ያህል እንደሆነ መረመረ። ጥናቶቹ አነስተኛ ቢሆኑም የአፍሪካ ገጠር ከጭንቀትና ከአእምሮ ሕመም ነፃ ነው የሚለውን የዘመኑን ተረት አፍርሰዋል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ በአማኑኤል የሠለጠኑ የሥነ አእምሮ ነርሶች በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች መመደብ ጀመሩ። ከአዲስ አበባ ውጭ ላለው ሕዝብ ሕክምናውን ያቀረቡት በዋናነት እነዚህ ነርሶች ናቸው፤ የሐኪሞቹ ስም በታሪክ ሲነሣ የእነሱ አለመነሣቱ ተገቢ አይደለም።

ስለ ውርስ ከመናገር በፊት መቁጠር ያስፈልጋል፤ የሕመሙ ስፋት በማይታወቅበት አገር መንስኤውን መለየት አይቻልም። ትልቁ ቆጠራ በካፋ ሳይሆን በጉራጌ ምድር በቡታጅራ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ እነ ዶክተር አታላይ ዓለም፣ ደረጀ ከበደና ተሾመ ሽብሬ ያሉበት ቡድን ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት መረመረ። ስኪዞፍሬኒያ ከሺህ ሰዎች ወደ 5 በሚጠጉት ላይ ተገኘ፤ ባይፖላርም ተቀራራቢ ነበር። ይህ ቁጥር ከሌላው ዓለም ብዙም አይርቅም። የተለየው ሌላ ነገር ነው፦ ከስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞቹ ወንዶቹ ከሴቶቹ በብዙ እጥፍ በልጠው ታዩ፤ ከስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች አብዛኞቹም እስከዚያ ቀን አንድም ዘመናዊ ሕክምና አላገኙም። ስኪዞፍሬኒያ፣ ባይፖላርና ከባድ ድብርት ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ሲታዩ 121ዱ ሞቱ፤ ከእኩዮቻቸው ሦስት አሥርተ ዓመታት ያህል ቀድመው ነው። ገዳዩ በአብዛኛው ተላላፊ በሽታ ነበር።

ከቡታጅራ ጎን ለጎን ሁለት ሌሎች ማኅበረሰቦች ተመርጠው ተጠኑ፤ ሁለቱም በ2004 (እ.ኤ.አ.) ታተሙ። የተመረጡትም ተነጥለው የሚኖሩ በመሆናቸው ነው። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ባይፖላር ከመቶ ወደ 2 በሚጠጉት ላይ ተገኘ፤ ከቡታጅራው በብዙ ይበልጣል። ለዘመናት እርስ በርሱ የተጋባ የደሴት ሕዝብ መሆኑ ወደ ውርስ ማብራሪያ ይገፋል፤ ነገር ግን በጥቂት ደሴቶች ላይ የሚኖር ሕዝብ ትንሽ ነው፣ በትንሽ ሕዝብ ውስጥ ጥቂት ቤተሰቦች ቁጥሩን ሊያንሩት ይችላሉ። በሁለተኛው ማኅበረሰብ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በሚኖሩት በቦረናዎች ዘንድ፣ የተገኘው ውጤት ደግሞ ተቃራኒ ነበር። በዓለም አቀፉ የምርመራ መጠይቅ በተጠየቁት አርብቶ አደሮች ዘንድ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት አንድም ሰው አልተገኘም። ሕመሙ የሌለበት ሕዝብ ተገኘ ብሎ መደምደምና ምክንያቱን በደሙ ውስጥ መፈለግ ቀላል ነበር። ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቹ ግን ተመልሰው ሽማግሌዎችንና የአገር አዋቂዎችን ሰብስበው በቦረና አነጋገር ጠየቁ፤ ውጤቱ በ2010 ሲታተም ሕመምተኞቹ እንደነበሩ ታወቀ። የጎደለው መጠይቁ ነበር። በሕዝቦች መካከል ስላለ የአእምሮ ሕመም ልዩነት የተጻፈን ማንኛውንም ነገር ሲያነቡ ይህን የቦረና ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል።

በሌላው ዓለም የውርሱ ማስረጃ የተሰበሰበው ከቤተሰብና ከመንትያ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ከጠቅላላው ሕዝብ ከመቶ አንዱን ያህል ሲይዝ ወንድም ወይም እህት የታመመበትን ሰው ግን ከመቶ 10 ያህል ይይዛል። ከአንድ እንቁላል የተፈጠሩ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ከግማሽ በማይበልጠው ጊዜ ነው። ዘረመላቸው አንድ ሆኖ ዕጣቸው መለያየቱ ከጂን ሌላ ብዙ ነገር እንዳለ ያሳያል፤ የእርግዝናና የወሊድ ችግር፣ የልጅነት መከራ፣ ስደት፣ የአደንዛዥ ዕፅ ልማድ ይጠቀሳሉ። በ2009 ከሁለት ሚሊዮን በላይ የስዊድን ቤተሰቦችን የመዘነው ጥናት ደግሞ ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር ብዙውን የውርስ ሥር እንደሚጋሩ አሳየ፤ በአንድ ቤተሰብ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ የሚታመመው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጂኖቹን ራሳቸውን ማደን ነበር። አንድ የእብደት ጂን ይገኛል የሚለው ተስፋ ከሸፈ። በ2014 በብዙ አገሮች ተመራማሪዎች ጥምረት የታተመው ሥራ ከስኪዞፍሬኒያ ጋር የተያያዙ 108 የዘረመል ቦታዎችን ለየ፤ በ2022 ቁጥሩ 287 ደረሰ። ለባይፖላር በ2021 የታወቁት ቦታዎች 64 ነበሩ። እያንዳንዱ ቦታ የሚጨምረው ተጋላጭነት እጅግ ጥቂት ነው፤ ጤነኛ ሰው ሁሉ ብዙዎቹን ይሸከማል። ጥቂት ብርቅ ለውጦች ግን ከባድ ናቸው፦ በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ አንድ ቁራጭ የጎደለው ሰው በስኪዞፍሬኒያ ወይም በተመሳሳይ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከአራት አንድ ገደማ ነው። በ2016 ደግሞ ሲ4 የሚባለው የበሽታ መከላከያ ጂን በአንጎል ውስጥ የነርቭ መገናኛዎችን ከመግረዝ ሥራ ጋር ተያይዞ ተጠቀሰ፤ ሕመሙ ለምን በአፍላ ዕድሜ እንደሚጀምር ከተሰጡ ማብራሪያዎች አሳማኙ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የተገነባው ግን በአብዛኛው በአውሮፓውያን ደም ላይ ነው። እስከ 2019 በዓለም ከተካሄዱ የዚህ ዓይነት የዘረመል ጥናቶች ተሳታፊዎች ወደ 79 በመቶው አውሮፓዊ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። ከእነሱ የተሰላ የተጋላጭነት ነጥብ ለአፍሪካውያን ሲሠራበት ትክክለኛነቱ በብዙ እጥፍ ይወርዳል። ምክንያቱን ከካፋ በላይ የሚያስረዳ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ቦንጋን የከበቡት ደኖች ውስጥ የዱር ቡና በብዙ ዓይነት ይበቅላል፤ በየመን አልፎ ወደ ጃቫ፣ ወደ አምስተርዳምና ወደ ላቲን አሜሪካ የተሻገረው ግን ጥቂት ችግኝ ነው፣ የዓለም የዓረቢካ እርሻ በአመዛኙ የእነዚያ ጥቂቶች ዘር ነው። የሰው ልጅም ከ50 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ከአፍሪካ ሲወጣ የወጣው ጥቂት ቡድን ነበር፤ በአፍሪካ የቀረው የዘረመል ብዝኃነት ከሌላው ዓለም ሁሉ ይበልጣል። በጥቂቶቹ ላይ የተሠራ ካርታ የቀሩትን አያሳይም።

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከአፍሪካም የተለየ ሀብት አለው። በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ የተገኘው 4,500 ዓመት ያስቆጠረ ዐፅም በ2015 ሙሉ ዘረመሉ የተነበበለት የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ ሆነ፤ ከዛሬ ሰዎች በጣም የሚቀርቡትም በዚያው ቀጣና የሚኖሩት የአሪ ሰዎች ናቸው። በዚያው በአሪ በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ለካፋም ትርጉም ያለው ጥያቄ መለሰ። የአሪ አንጥረኞችና አራሾች በዘረመል ስለሚለያዩ አንጥረኞቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ወይም ከአራሾቹ በፊት የነበሩ ሕዝብ ናቸው የሚል ግምት ነበር። ስሌቱ ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ እንደወጡና ልዩነታቸው ከመገለል የመጣ መሆኑን አሳየ፦ አንጥረኞቹ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ በመከልከላቸው ቁጥራቸው አንሶ፣ እርስ በርስ በመጋባት ዘረመላቸው በዕድል ብቻ ተለወጠ። በ2021 ከ68 ብሔረሰቦች የተወሰዱ የ1,214 ኢትዮጵያውያን መረጃዎችን የተነተነው ሰፊ ሥራም ባህልና ጋብቻ በዘረመል ላይ አሻራ እንደሚተዉ አረጋግጧል። እንግዲህ ልዩነቱ መገለሉን አላመጣም፤ መገለሉ ነው ልዩነቱን ያመጣው። ማንጆዎችን ለማራቅ ለዘመናት የተሰጠው ምክንያት፣ ማለትም ደማቸው የተለየ ነው የሚለው፣ ከአሪው ውጤት በኋላ በእጅጉ ይዳከማል። ካፋዎች ከገዛ ጎሳ አለመጋባታቸውም በውርስ ሕመም ረገድ ከቅርብ ዘመድ ጋብቻ የሚመጣውን አደጋ የሚቀንስ ልማድ ነው።

ኢትዮጵያዊ ዘረመል ከሕመሙ ይልቅ በመድኃኒቱ በኩል ቀደም ብሎ ተጠንቷል። በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና የስዊድን ባልደረቦቿ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን መድኃኒት የሚያፈራርስ የጉበት ጂን መረመሩ። ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ጂኑን ከተለመደው በላይ ደጋግመው ይዘውት ተገኙ፤ በሰሜን አውሮፓ ይህ የሚታየው በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ጂኑ የበዛለት ሰው በዚህ መንገድ የሚፈርሱ መድኃኒቶችን ቶሎ ያስወግዳል፤ ከእነሱም መካከል በአገሪቱ ጤና ተቋማት ለስኪዞፍሬኒያ የሚሰጡት ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና ሪስፐሪዶን ይገኙበታል። በሌላ አገር ሕዝብ ላይ የተመዘነ መጠን አንዳንዱን ታማሚ ላይረዳው ይችላል ማለት ነው፤ ቤተሰቡም መድኃኒቱ ከንቱ ነው ብሎ ይተወዋል። ለሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን ለሐኪሙም ይህ ዕውቀት ከ287ቱ ቦታዎች ዝርዝር የበለጠ የዕለት ጥቅም አለው።

ውርስ የሚለው ቃል በገጠር ቤተሰብ ጆሮ የሚሰማው ግን እንደ ሳይንስ አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ማጣራት በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው፤ ሽማግሌዎች ስለ ቁምጥና፣ ስለ ቡዳ፣ ስለ እብደት ይጠያይቃሉ። በቡታጅራ ዙሪያ በ2001 በታተመ ጥናት ከታማሚ ዘመዶች 75 በመቶው መገለል እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ ከፊሎቹም ዘመዳቸው መታመሙን መደበቅ ይመርጣሉ። ሕመሙ የኤቆ ቁጣ ነው ሲባል ቢያንስ መሥዋዕትና ዕርቅ ነበረው። በጂን ነው ሲባል፣ በጥንቃቄ ካልተነገረ፣ ማስተካከያ የሌለው ፍርድ ይመስላል። ከመቶ 10 የሚለው ቁጥር ወንድም ከታመመበት ሰው ከመቶ 90ው አይታመምም ማለት መሆኑን የሚያስረዳ ነርስ ለታማሚው እህት ጋብቻ ከማንኛውም ቤተ ሙከራ ይልቅ ይጠቅማል።

አፍሪካን ወደ ሕመሙ የዘረመል ጥናት የማስገባቱ ሥራ የተጀመረው በቅርቡ ነው። በ2020 የታተመው የደቡብ አፍሪካ ጥናት በኾሳ ሕዝብ 909 ታማሚዎችንና 917 ጤነኞችን አወዳድሮ፣ የነርቭ መገናኛን በሚገነቡ ጂኖች ላይ ብርቅና ጎጂ ለውጦች በታማሚዎቹ እንደሚበዙ አሳየ። ከዚህ የሚበልጠው ኒውሮጋፕ ሳይኮሲስ የተባለው ጥናት ነው፤ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ 17,000 ታማሚዎችንና ያንኑ ያህል ጤነኞችን ለማካተት ታቅዶ በ2018 ምዝገባ ጀመረ። በኢትዮጵያ በኩል ሥራውን የያዘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የውጭ አጋሮቹ ደግሞ የሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤትና የብሮድ ኢንስቲትዩት ናቸው። ናሙናው ምራቅ ነበር፤ ተሳታፊው የተነገረውን በትክክል መረዳቱ በጥያቄ ተፈትኖ ካልተረጋገጠ ፈቃዱ አይቆጠርም ነበር። ወጣት አፍሪካውያን ተመራማሪዎችን የሚያሠለጥን መርሐ ግብርም አብሮ ተዘረጋ፤ ናሙናው ወጥቶ ዕውቀቱ የማይመለስበት አሠራር በአህጉሩ ብዙ ቅሬታ ስላተረፈ ይህ አስፈላጊ ነበር።

የጥናቱ ደንብ ተሳታፊው አቀላጥፎ ሊናገራቸው የሚገቡ ቋንቋዎችን ዘርዝሯል። ከኢትዮጵያ የገቡት አማርኛና ኦሮምኛ ናቸው። የካፋዎችን ቋንቋ ካፊኖኖን ብቻ የሚናገር የካፋ ገበሬ፣ ወይም እንደ እሱ ሌላ ቋንቋ የማያውቅ ከቦንጋ ወጣ ብሎ በጫካው ዳር ያደገ ማንጆ፣ በዚህ ደንብ መሠረት ሊመዘገብ አይችልም ነበር።